ውሃው በማን ነው?

በማለዳ ከጎሮም መጠለያ ተነስታችሁ ለቀን ሥራ ጁባ የምትገቡ ሁሉ፣ ሥራ ስትዋዋሉ የምትጠይቁትን ታውቃላችሁ። የቀኑ ስንት ነው? የሚከፈለው ማታ ነው ወይስ ቅዳሜ? ምሳ በማን ነው? እነዚህ ሳይቆረጡ አካፋ የሚያነሳ የለም። አንድ ጥያቄ ግን ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። የመጠጥ ውሃው በማን ነው?

ሌላ ቦታ ቢሆን ጥያቄው ላያስፈልግ ይችላል። ሠራተኛው ቧንቧ ከፍቶ ይጠጣል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ማላኪያ ውስጥ ግን ቧንቧ የሌለው ግቢ ብዙ ነው። ውሃው ከነጭ ዓባይ ተቀድቶ በቦቴ ይመጣል፣ ወደ ሮቶ ወይም ወደ በርሜል ይገለበጣል፣ ከዚያም በጀሪካን ይሸጣል። በዚህ የቦቴ ሥራ የእኛ አገር ልጆችም ለብዙ ዓመታት እንጀራ በልተውበታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኩባያ ዋጋ አለው። ዋጋውን የሚከፍለው ሠራተኛው ከሆነ ምን እንደሚከተል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ለልጆቹ ሊያስገባ ያሰበውን ገንዘብ በታሸገ ውሃ ላይ ማጥፋት ያንገበግበዋል። ስለዚህ ጥሙን ችሎ ይሠራል።

ባለፈው በጋ ማላኪያ ውስጥ አንድ የአጥር ግንብ ሲሠራ አይቼ ነበር። ፎርማኑ ወገናችን ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። በግቢው ሙሉ ሮቶ ውሃ ተቀምጧል። አንዱ ልጅ ኩባያ ይዞ ሲጠጋ ፎርማኑ «እሱ ለሲሚንቶ ነው!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ለመናገር ያ ውሃ ለመጠጥ የሚሆንም አልነበረም። ነገር ግን ለሲሚንቶው ውሃ የገዛ ሰው ሲሚንቶውን ለሚያቦካው ሰው አልገዛም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ልጆቹ ዝም አሉ፣ ብሎኬት ከእጃቸው እየወደቀ መሰበር ጀመረ። ቱምቢ ሲወርድ የመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች አጋድለው ተገኙ። በማግስቱ ፈርሰው እንደገና ተሠሩ። የባከነው ሲሚንቶ ስንት ጀሪካን ንጹሕ ውሃ እንደሚገዛ ፎርማኑ ራሱ ያስላው።

ይህ ለምን ይሆናል? ሰውነታችን ሙቀቱን የሚያስወጣው በላብ ነው። በከባድ ሥራና በፀሐይ ላይ ያለ ሰው በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ሊያልበው ይችላል። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው አንድ ሊትር ከሩብ ያህል ሳይተካ ሲቀር ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል አጣ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ትኩረት ይቀንሳል፣ ራስ ይከብዳል፣ ጉልበት ይደክማል፣ ሰው ቁጥር ይሳሳታል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል። የጥም ስሜት የሚመጣው ደግሞ ዘግይቶ ነው። ከጥም ይልቅ ሽንታችሁን ተመልከቱ፤ እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ ቀደም ብላችሁ መጠጣት ነበረባችሁ።

አሠሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ «ውሃ እየጠጣ ሲያርፍ ሥራዬ ይቆማል» የሚል ነው። የሸንኮራ አገዳ ቆራጭን ሥራ በወንጂ ወይም በመተሐራ ያያችሁ ከእናንተ መካከል ትኖራላችሁ። በመካከለኛው አሜሪካ፣ በኤል ሳልቫዶር፣ እንዲህ ያሉ ቆራጮች በወጣትነታቸው በኩላሊት በሽታ ይሞቱ ነበር። በ2014 እና በ2015 (እ.ኤ.አ.) የመኸር ወቅት ተመራማሪዎች ለአንድ ቡድን በጀርባ የሚታዘል ውሃ፣ ተንቀሳቃሽ የጥላ ድንኳንና የተወሰነ የእረፍት ሰዓት አዘጋጁ። አንድ ሰው በቀን የሚቆርጠው አገዳ ከ5.1 ቶን ወደ 7.3 ቶን ከፍ ብሎ ተመዘገበ። በዚያው ጊዜ የተሻለ ገጀራም ስለተሰጣቸው ለውጡን ሁሉ ለውሃው መስጠት አይቻልም። ቢሆንም ባረፉና በጠጡ ጊዜ ሥራቸው አልቀነሰም። የዓለም ሥራ ድርጅትም በ2019 ባወጣው ጥናት፣ ሙቀቱ 33 ወይም 34 ዲግሪ ሲደርስ መካከለኛ ድካም ያለው ሥራ የሚሠራ ሰው የሥራ አቅሙን ግማሽ እንደሚያጣ ገልጿል። በጁባ በየካቲትና በመጋቢት 34 ዲግሪ ቀላል ቀን ነው። በመጋቢት 2024 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በየካቲት 2025ም ጁባ ውስጥ ተማሪዎች በሙቀት ምክንያት ራሳቸውን እየሳቱ በመውደቃቸው ለሁለት ሳምንት እንደገና ተዘግተዋል። የቀን ሠራተኛ ግን ካልወጣ እራቱን ስለሚያጣ ወጥቶ ሠራ።

እንግዲህ ስንት ይጠጣ? በሙቀት ለሚሠራ ሰው የሚመከረው በየ15 ወይም በየ20 ደቂቃው አንድ ኩባያ ነው፤ በሰዓት ሦስት ወይም አራት ኩባያ ማለት ነው። ጥሙን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ መጋት አይጠቅምም፤ በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ መጠጣትም የደሙን ጨው አሳንሶ ይጎዳል። በላብ የወጣውን ጨው ለመተካት ለአብዛኛው ሰው ምሳ መብላት ይበቃዋል። ጓደኛችሁ መቀባጠር ከጀመረ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ጊዜ አታባክኑ። ወደ ጥላ ውሰዱት፣ ልብሱን አርጥባችሁ አራግቡለት፣ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ አትስጡት።

የውሃው ንጽሕና ሌላ ጉዳይ ነው። ጁባ በ2014፣ በ2015 እና በ2016 የኮሌራ ወረርሽኝ አይታለች፤ በጥቅምት 2024 ሬንክ ላይ የታወጀው ወረርሽኝም አገሩን አዳርሷል። እኛ አገር «አተት» እየተባለ ስሙ ሲሸፋፈን የነበረው በሽታ ማለት ነው። በቦቴ የመጣን ውሃ ሳያክሙ ለሠራተኛ ማቅረብ ጥሙን በተቅማጥ መለወጥ ነው። ክሎሪን ይጨመርበት፣ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ክዳን ባለው ጀሪካን ይቀመጥ። አገር ቤት ሳላችሁ «ውሃ አጋር» የተጠቀማችሁ አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ኩባያ እየነከሩ መቅዳት ይቅር፤ ቧንቧ ያለው ጀሪካን ይሻላል።

ስለ ሴቶች ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። በምግብ ቤትና በጀበና ቡና ሥራ ላይ ያሉ እህቶቻችን ውሃ አጠገባቸው እያለ አይጠጡም። ምክንያቱን ብትጠይቋቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ይነግሯችኋል። መጸዳጃ ቤት የለም፣ ወይም አለ ተብሎ የሚቆለፍ በር የለውም። ከጠዋት እስከ ማታ ሽንት ቋጥሮ መዋል ለሽንት ቧንቧ ሕመም ያጋልጣል። ስለዚህ «ጠጪ» ብሎ መምከር ብቻ ለእነርሱ ፌዝ ነው። አሠሪው ውሃ ካቀረበ በሩ የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤትም ማቅረብ አለበት።

የጾሙም ነገር አለ። ዐቢይ ጾም የሚውለው በዚሁ በሚያቃጥለው ወቅት ነው። በ2025 እና በ2026 ረመዳንም ከዚያው ሰሞን ገጥሟል። በእምነት ጉዳይ የምገባበት የለኝም። አሠሪ ግን ከባዱን ሥራ ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ማድረግ፣ የቀትሩን ለቀላል ሥራ ማስቀረት ይችላል። የታመማችሁ ወይም ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ደግሞ የሃይማኖት አባታችሁንና የጤና ባለሙያውን አስቀድማችሁ አማክሩ።

«የቀን ሠራተኛ ምን አቅም አለው? አልስማማም ካለ ሌላ ይቀጠራል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን ከጠየቀ እንዲያ ይሆናል። ነገር ግን ምሳን በውል ያስገባው ማን ነበር? ሁሉም ስለሚጠይቅ ነው የገባው። የመጠጥ ውሃ ማቅረብ የአሠሪ ግዴታ መሆኑ ለሱቅና ለቢሮ ሠራተኞች በዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ከ1964 ጀምሮ ተጽፏል፤ ፀሐይ ላይ ለሚውል ሰው ደግሞ ይበልጥ እንጂ አያንስም። በቡድን ለምትወጡ ሁሉ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሰኞ ጠዋት ማላኪያ ስትደርሱ፣ አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት የሚነጋገርላችሁ ሰው ከምሳው ቀጥሎ «ለአምስት ሰው ሁለት ጀሪካን ንጹሕ ውሃ፣ ከነኩባያው» ይበል። ፎርማኑ ከተከራከረ ያጋደለውን ግንብ ንገሩት።