የኤምካት ቁጥር አይታችሁ ትምህርት ቤት አትሰርዙ

አሜሪካ ሆናችሁ ሕክምና ለመማር የምታመለክቱ፣ «የዚህ ትምህርት ቤት ኤምካት 514 ነው፣ እኔ 510 ነኝ፣ በቃ አለቀ» አትበሉ። 514 የማለፊያ ነጥብ አይደለም።

ኤምካት ከ472 እስከ 528 ነው የሚታረመው። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር «ኤምሳር» ላይ ለየትምህርት ቤቱ የሚያወጣው ሚዲያን ነው። የተቀበሏቸውን በነጥብ ብትደረድሯቸው መሃል ላይ ያለው ማለት ነው፤ ግማሽ ያህሉ ከዚያ በታች አምጥተው ነው የገቡት።

ከሚዲያኑ ይልቅ እዚያው ያለውን 10ኛ ፐርሰንታይል እዩ። እንበል 507 ነው። 510 ያለው ልጅ ያመልክት። 503 ያለው ግን ያስብበት፤ ከዚያ በታች ሆነው የገቡት ከ10 አንድ ያህል ናቸው፣ ማመልከቻው ደግሞ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ይከፈልበታል።

ሁለት ነገር ግን እንዳትረሱ። ቁጥሩ የገቡትን እንጂ በዚያው ነጥብ ተከልክለው የቀሩትን አያሳይም። ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ የስቴታቸውን ነዋሪ ያስቀድማሉ። ሚዲያኑ ዝቅ ያለ ነው ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት፣ ከስቴት ውጪ ስንት ሰው እንዳስገባ እዩ።