መጠጥ ቤት በስንት ሰዓት ይዘጋ?

ከሳኦ ፓውሎ ከተማ አጠገብ የምትገኘው የብራዚሏ ዲያዴማ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የነፍስ ግድያ እጅግ የበዛባት ከተማ ነበረች። አስተዳደሩ መዝገቡን ሲመረምር፣ አብዛኛው ግድያ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ የሚፈጸም ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ከሐምሌ 2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አልኮል እንዳይሸጥ ከለከለ። በኋላ የወጣ ጥናት ግድያው በወር በ9 ገደማ መቀነሱን አሳይቷል።

ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። ጉበት አልኮልን የሚያስወግደው በዝግታ ነው፤ በአንድ ሰዓት አንድ ጠርሙስ ቢራ እንኳ አይጨርስም። ሌሊቱ በገፋ ቁጥር በደም ውስጥ ያለው መጠን ያድጋል፤ ቁጣን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍልም ይዳከማል።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። መልካም ነው፤ ሆኖም አዋጁ ከግሮሰሪው ደጃፍ የሚደርሰው ወረዳው ሲያደርሰው ነው። ጠላና አረቄ ሸጠው ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች ስላሉ፣ በእኔ አስተያየት የመዝጊያ ሰዓት መወሰን ቤቱን ከማሸግ ይሻላል። ሰዓቱ ግን በግምት አይወሰን። ጠቡና የመኪና አደጋው የትና መቼ እንደሚበዛ አስቀድሞ ከፖሊስ መዝገብ ይቆጠር። ይህን ሥራ ወረዳው ቢጠይቃቸው የስታቲስቲክስ ተማሪዎቻችን በአንድ የክረምት ዕረፍት ይሠሩታል።