ኮክና ፕሮሴኮ በእሑድ ረፋድ

እኛ ቤት የእሑድ ማዕድ ቁርስም ምሳም አይደለም። ከቅዳሴ የሚመለሰው ተመልሶ፣ እንቅልፍ የሚጠግበው ጠግቦ፣ ጠረጴዛውን የምንከበው ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ፈረንጆች «ብራንች» ይሉታል፤ እኛ ስም ሳናወጣለት ስንበላው ኖረናል። ጨጨብሳው፣ ፉሉ፣ እንቁላል ፍርፍሩ ይቀርባል፣ ሻይ ይቀዳል፣ ወሬው እስከ 8 ሰዓት ይዘልቃል።

ባለፈው ዓመት ሚላኖ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ለእረፍት ስትመጣ ሁለት ጠርሙስ ፕሮሴኮ ይዛ መጣች። ፕሮሴኮ በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን የሚሠራ፣ አረፋ ያለው ነጭ ወይን ነው። (አረፋ ያለውን ወይን ሁሉ «ሻምፓኝ» ማለት ለምዶብናል እንጂ ሻምፓኝ የፈረንሳዩ ብቻ ነው።) በዚያ ሰሞን ገበያው ኮክ በኮክ ስለነበር «እትዬ፣ ቤሊኒ እንሥራ!» አለችኝ። ቤሊኒ የኮክ ጭማቂና ፕሮሴኮ ድብልቅ ነው። ቬኒስ ያለውን ሃሪስ ባር የከፈተው ጁዜፔ ቺፕሪያኒ የፈጠረው ሲሆን፣ ሐምራዊ ቢጤ ቀለሙ የሠዓሊው ጆቫኒ ቤሊኒን ሥዕል ስላስታወሰው በስሙ ጠራው ይባላል።

እኔም ደስ ብሎኝ ማድ ቤት ገባሁ። ጭማቂውንም ወይኑንም እዚያው ቀላቅዬ፣ ስምንት ብርጭቆ ሞልቼ፣ በትሪ ደርድሬ ይዤ ወጣሁ። ያማረ ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አረፋ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ መጠጥ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እንዴት እንዳቆሙ፣ ቤተሰቡ ከዚያ በፊት ምን እንዳሳለፈ፣ የምናውቅ እናውቀዋለን። እንግዳ በዝቶ፣ ጨጨብሳው ሊያርብኝ ሆኖ፣ ብቻ ምን ልበላችሁ፣ ረሳሁት። እሳቸው የኮክ ጭማቂ መስሏቸው አንሥተው ጎንጨት አሉ። ከዚያ ብርጭቆውን ቀስ አድርገው አስቀመጡና ወደ ግቢ ወጡ። ሚስታቸው እኔን አላየችኝም፤ ያየችው ብርጭቆውን ነበር፣ ስንት እንደጎደለ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ሻይ ጠየቁኝ። ምንም አላሉም። ማታ ደውዬ ይቅርታ ስጠይቃቸው ግን «አንቺ ቤት መጠጥ መኖሩ አይደለም ያስከፋኝ፤ ምን እንደያዝሁ ሳላውቅ መያዜ ነው» አሉኝ። ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ አልተኛሁም።

ዘንድሮ እህቴ ተመልሳ መጣች፣ ጠርሙሱም አብሯት። በመጀመሪያ ያደረግሁት ስልክ ማንሣት ነው። «ጋሼ፣ እሑድ ወይን ልከፍት አስቤያለሁ። ከከበደዎት አልከፍተውም፤ ጠርሙሱ ምንም አይሆንም፣ ይቆየናል» አልኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ክፈቺው፤ ኮኩን ግን ለብቻ አስቀምጪልኝ» አሉ። እንግዲህ አሠራሩን ከነማስተካከያው ልንገራችሁ።

የአገራችን ኮክ ትንንሽ ስለሆነ ለስምንት ሰው ከአንድ ኪሎ አያንስም። በደንብ የበሰለ ይሁን፤ ጥሬው ይጎመዝዛል። የፈላ ውኃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነክራችሁ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብትከቱት ልጣጩ በእጅ ይወልቃል። ፍሬውን አውጥታችሁ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጋችሁ በጁስ መፍጫ ፍጩት። ሎሚው ባይኖር ቀለሙ ቶሎ ይጠቁራል። ከዚያ በወንፊት አጥልሉት። ስኳር ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ፤ እኔ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በቅቶኛል። ጭማቂው በጆግ፣ ወይኑም በጠርሙሱ፣ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይቆዩ። ያልቀዘቀዘ ወይን ሲከፈት ግማሹ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚፈሰው።

ኮክ ከሌለ እንጆሪ ይሆናል፣ ጣሊያኖች ያኛውን «ሮሲኒ» ይሉታል። ብርቱካን ከሆነ «ሚሞዛ» ነው፤ እኩል በእኩል ይቀላቀላል። ማንጎ ሞክሬ አልወደድሁትም፤ ይወፍራል፣ ወይኑንም ይውጠዋል።

ቡሹን ማስጮህ ለሠርግ ይቅር። ውስጡ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ይበልጣል፣ ዓይን ያጠፋል። ሽቦውን ስታላሉ አውራ ጣታችሁ ከቡሹ ላይ አይነሣ፤ ጠርሙሱን ዘንበል አድርጋችሁ ቡሹን በፎጣ አጥብቃችሁ ያዙና የምታዞሩት ጠርሙሱን ይሁን። እፍ የሚል ድምፅ ብቻ ከሰማችሁ በትክክል ከፍታችኋል። ወይኑን ደግሞ አደራ፣ መፍጫ ውስጥ እንዳትጨምሩት፤ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል፣ አረፋውም ይጠፋል።

የዘንድሮው ለውጥ ይኼ ነው፦ ማድ ቤት ምንም አልቀላቀልሁም። ባዶ ብርጭቆዎች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። እህቴ ለማይጠጣው የተለየ ብርጭቆ እንስጥ ብላ ነበር፤ እምቢ አልኋት። የተለየ ብርጭቆ የያዘ ሰው ለምን እንደሆነ ይጠየቃላ! መሐል ላይ የኮኩ ጆግ፣ በአንድ ወገን ፕሮሴኮው፣ በሌላው ወገን የቀዘቀዘ አምቦ ውኃ። መጠኑ ለሁለቱም አንድ ነው፤ አንድ እጅ ጭማቂ፣ ሁለት እጅ ወይን ወይም አምቦ። ጭማቂው ይቀድማል፤ ከዚያ ብርጭቆውን አጋድሞ በቀስታ ማፍሰስ፣ አረፋው እስኪወርድ መጠበቅ፣ እንደገና መጨመር። ማንኪያ አንድ ጊዜ ብቻ ይዙርበት።

በዚህ አኳኋን ሁሉም የሚጠጣውን ራሱ ቀዳ። ነፍሰ ጡሯ የእህቴ ልጅ ወደ አምቦው ሄደች። መድኃኒት ላይ ያለችው ጎረቤቴም እንዲሁ፣ ከሰዓት በኋላ መኪና የሚነዳው ባለቤቴም እያጉረመረመ። እሱ «ጁስ እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?» ባይ ነው። ጠርሙሱ ላይ 11 በመቶ ተጽፏል፤ ቢራ አብዛኛውን ጊዜ 5 ገደማ ነው። ኮኩ ጣፋጭ ስለሆነ አልኮሉ አይሰማም፣ ሰውም ሳያውቀው ሦስተኛውን ይደግማል።

ጋሼ ተራቸው ሲደርስ ጆጉን አንሥተው ቀዱ፣ አምቦውን ጨመሩ፣ አረፋው ሲወጣ አዩት። ከዚያ ለሚስታቸውም በዚያው ዓይነት ቀዱላትና አቀበሏት። እሷ ቀና ብላ አየችኝ።

«ስኳሩ ግን በዝቷል» አሉኝ፣ ብርጭቆውን ጨርሰው ሁለተኛ እየቀዱ።