የካሚዮኗ አልጋ የማን ነበረች?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ለመጀመሪያ ሥራው ወደ ጎሬ ተመድቦ የሄደ ወይም መቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚማር ሰው ያለ እንደ ሆነ፣ በበደሌ መንገድ ላይ የጭነት መኪና እየተከተሉ ዳገት መውጣት ምን እንደሚመስል ያውቃል። አውቶቡሱ ጡሩምባውን እየነፋ መንገድ ይለምናል፤ ካሚዮኑ ግን በራሱ አቅም እንጂ በሰው ልመና አይወጣም። በዚያ ጊዜ መናደድ ምንም ስለማይጠቅም፣ ዛሬ ስለዚያው ስለ ካሚዮን፣ ይልቁንም ከሾፌሩ መቀመጫ በስተ ኋላ ስላለችው ጠባብ አልጋ ጥቂት ላጫውታችሁ አስቤአለሁ።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አሮጌ ሾፌሮች ተሰብስበው ሲጨዋወቱ አድምጡ፤ ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ገደሉ ጥልቀት የሚሉትን ከጨረሱ በኋላ ወሬው ወደ ሌሊቱ መዞሩ አይቀርም። ሌሊቱ ከተነሣ ደግሞ አልጋዪቱ ትነሣለች።

በአገራችን መንገዶች ላይ ስሙን ከተከሉት ካሚዮኖች ቀዳሚው «ትሬንታ ኳትሮ» ነው። የፋብሪካ ስሙ ፊያት 634 ሲሆን መሠራት የጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ነው። የእኛ ሰው ስድስት መቶውን ትቶ ሠላሳ አራቱን ብቻ በጣልያንኛ ጠራውና በዚያው ቀረ። በናፍጣ የሚሠራ ባለ 6 ሲሊንደር ነበረ፤ 7 ቶን ያህል ይሸከማል፤ ሮጠ ቢባል በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጣልያኖቹ ራሳቸው «ዝሆን» ይሉት ነበር። በአውሮፓ ውስጥ በጋቢናቸው መኝታ ከተሠራላቸው የመጀመሪያዎቹ ካሚዮኖች አንዱ ይኸው ነው። ሐሳቡም የሚያስመሰግን ነበር፤ ሁለት ሾፌሮች ይሳፈራሉ፣ አንዱ ሲነዳ ሌላው ይተኛል፤ መኪናውም ሰውም ሳይጎዱ ይደርሳሉ። በአሜሪካ በዚያው ዘመን ከጋቢና ጋር የተሠሩት መኝታዎች እጅግ ጠባብ ስለ ነበሩ ሾፌሮቹ «የሬሳ ሣጥን» ብለው ሰይመዋቸዋል። የጣልያኑ ከዚያ ይሻል ነበር። ቆይቶም በ1952 ፊያት 682 ተተካ፤ «ኤንትሬ» እያልን የምንጠራው የዚሁ ወገን ሲሆን በአፍሪካ «የአፍሪካ ንጉሥ» የሚል ቅጽል ያተረፈ መኪና ነው።

ካሚዮን ኢሉባቦርን ከመልመዱ በፊት የአገሩ ቡና የሚሄደው ወደ ምሥራቅ ሳይሆን ወደ ምዕራብ ነበር። በ1894 ዓ.ም. ውል መሠረት እንግሊዞች በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ አቋቁመው ነበርና፣ ቡናው ከጎሬ በበቅሎና በሰው ሸክም ወደዚያ ይወርዳል፤ ባሮ በክረምት ሲሞላም በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄዳል። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል፣ ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር ያህል ስለ ሆኑ ቁልቁለቱን እናንተው ገምቱት። ጣልያን በ1929 ዓ.ም. ጎሬ ገባ፤ ከነጻነት በኋላም በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቋመ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ የጋምቤላ ንግድ እየቀዘቀዘ ሲሄድ፣ ቡናው ፊቱን ወደ በደሌ፣ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ አዞረ። ከመቱ እስከ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። መርከብ ይሠራው የነበረውን ሥራ ካሚዮን ተረከበ ማለት ነው።

(ጣልያን ሄዶ ቋንቋው በጋራዥ ውስጥ እንደ ቀረ ታውቃላችሁ። ጋቢና፣ ፍሬን፣ ባልስትራ፣ ስፖንዳ የምንላቸው ሁሉ የእርሱ ቃላት ናቸው። ዳገት ላይ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር የሚወትፋት ታኮም ከዚያው የመጣች ናት፤ በጣልያንኛ የጫማ ተረከዝ ማለት ነው።)

እንግዲህ ሌሊቱን አስቡት። ኢሉባቦር በኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዱ ነው፤ በጎሬ በዓመት ከ2000 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይዘንባል። ጠጠር ያልለበሰ ቀይ አፈር ይህን ሁሉ ውኃ ሲጠጣ መንገድ መሆኑ ይቀርና ሊጥ ይሆናል። ጎማው ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም። ቅጠል ይቆረጣል፣ ድንጋይ ይለቀማል፣ የአገሩ ገበሬዎች ይለመናሉ፤ ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተቻለ ሞተሩ ይጠፋና እዚያው ጫካው መካከል ይታደራል። የሞተሩ ሙቀት ጋቢናውን ለጥቂት ሰዓት ያሞቀዋል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ብረቱ ይቀዘቅዝና የደጋው ብርድ በበሩ ሽንቁር ይገባል። ወደ ጋምቤላ የወረደ ሾፌር ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል፤ እዚያ ጋቢና ውስጥ መተኛት ምድጃ ውስጥ እንደ መተኛት ነው፤ ከደጅ ቢተኙ ደግሞ የወባ ትንኝ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አልጋዪቱ የተሠራችው ተራ በተራ ለሚነዱ ሁለት ሾፌሮች ነው አልኋችሁ። በእኛ አገር ግን የመኪናው ባለቤት ሁለት ሾፌር አይቀጥርም፤ የሚቀጥረው አንድ ሾፌርና አንድ ረዳት ነው። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ይነዳል፤ ሌሊት ጋቢናው ውስጥ ይተኛል። ረዳቱስ? ረዳቱ ከጭነቱ ላይ ወጥቶ በጆንያዎቹ መካከል ጎድጓዳ ቦታ ፈልጎ ሸራው ሥር ይገባል። ሸራው የተገዛው ቡናው ረጥቦ እንዳይሻግት ነው፤ ለልጁ መጠለያ የሆነው እንዲያው ቡናው ስለ ተረፈው ነው።

ምክንያቱን የጠየቃችሁ እንደ ሆነ ዕቃ መጠበቅ ነው ይሏችኋል። እውነት ነው፤ ከላይ ሰው ያልተኛበት ጭነት ገመዱ ተቆርጦ ሊያድር ይችላል። ነገር ግን ሒሳቡን ስናየው፣ ባለቤቱ በአንዲት አልጋና በአንድ ሸራ ምክንያት የሁለት ሰው የቤርጎ ኪራይና የአንድ ዘበኛ ደመወዝ አተረፈ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ የሾፌሩም እንቅልፍ ቢሆን እንቅልፍ አይባልም፤ ጆሮው ከደጅ ነውና። አልጋ ተሰጠው ሲባል ሌሊቱ ከሥራ ሰዓቱ ላይ ተጨመረበት ማለት ነው፤ ለሌሊቱ ግን የተጨመረለት ደመወዝ አልነበረም።

ረዳቱ ደግሞ የዋዛ ሠራተኛ አልነበረም። ጣልያን ሠራሽ ከባድ መኪናዎች መሪያቸው በቀኝ በኩል ነበረ፤ ሾፌሩ የገደሉን ጠርዝ አሻግሮ እንዲያይ ታስቦ ነው። አገራችን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትዛወር፣ እነዚህ መኪናዎች ሌላ መኪና ለመቅደም ሲሹ ከፊት የሚመጣውን ቀድሞ የሚያየው በግራ በኩል የተቀመጠው ረዳት ሆነ። ሌሊቱን በሸራ ሥር ሲንቀጠቀጥ ያደረ ልጅ፣ በማግሥቱ ለሾፌሩ ግራ ዓይን ይሆናል። ይህን ያስተዋሉ ሾፌሮች በከባድ ዝናብ ረዳታቸውን ወደ ጋቢና ጠርተው መቀመጫው ላይ ያሳድሩት ነበር። ያላስተዋሉም ነበሩ፤ ረዳት ካልተቀጣ አይማርም የሚሉ። ራሳቸው በዚሁ መንገድ ሾፌር ሆነዋልና።

ሦስተኛ ሰውም ነበረ፤ እርሱም የእናንተ ቢጤ ነው። አውቶቡስ በብርቅ በሚገኝበት ዘመን አዲስ የተመደበ መምህር ወይም ጸሐፊ ወደ ኢሉባቦር የሚገባው በካሚዮን ጋቢና ተቀምጦ ነበር። ከረቫት ስላሰረ ሾፌሩ ያከብረዋል፤ ሲመሽ አልጋዪቱን የሚለቅለትም አይታጣም። ረዳቱ ግን ከላይ ነው። ለእንግዳ ቦታ መገኘቱ፣ ለረዳቱ ቦታ የጠፋው በጋቢናው ጥበት ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል።

አልጋዪቱ በተወለደችበት በአውሮፓ ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሾፌር በቀን 9 ሰዓት ነድቶ (በሳምንት ሁለት ጊዜ 10 ይፈቀዳል) ዕረፍት እንዲያደርግ ያዛል። ከዚህም በላይ የ45 ሰዓቱን ሳምንታዊ ዕረፍት በጋቢና ውስጥ ማሳለፍ ክልክል ነው፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2017 ይህንኑ ወሰነ፣ በ2020 የወጣው ሕግም አጸናው። ደኅና ማረፊያ የማዘጋጀቱ ወጪ በአሠሪው ላይ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ1979 ባወጣው 153ኛ ስምምነት፣ ሾፌር በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ተከታታይ ሰዓት እንዲያርፍ ጽፏል። በእነዚህ ድንጋጌዎች ዓይን ያ የድሮ አልጋ ለጉዞ ላይ ማሸለቢያ ይሆናል እንጂ ቤት አይባልም።

መቱ ከተማ ቡና የጫኑ መኪናዎች ሲያልፉ ያየ ሰው፣ የዛሬዎቹ ጋቢናዎች ከትሬንታ ኳትሮ ጋር ሲነጻጸሩ ሳሎን እንደሚያህሉ ይመሰክራል። እናንተ ግን ሽማግሌ ሾፌር አግኝታችሁ ቡና ብትጠጡ፣ ጋሼ፣ አልጋዪቱ ትመች ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቋቸው። አብዛኞቹ ሥራውን የጀመሩት በረዳትነት ነውና፣ ስለ አልጋዪቱ አንድ ቃል ተናግረው ወደ ሸራው ይሻገራሉ፤ በየትኛው ማዕዘን በኩል ያፈስ እንደ ነበረ በእጃቸው እያመለከቱ ያሳዩአችኋል።