የሕፃናት ሞግዚቶች ሥልጠና፦ ሕጉ ያወቀው፣ ገበያው ገና ያላወቀው ሙያ

በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች በግሉ ዘርፍ የምትሠራ እናት በሕግ የሚሰጣት የወሊድ ፈቃድ 60 ቀን ነው፤ 45ቱ ከሙሉ ደመወዝ፣ 15ቱ ከግማሽ ደመወዝ ጋር። ፈቃዱ ሲያልቅ ሕፃኑ ገና አንገቱን በወጉ አላጸናም፤ እናት ግን ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። በዚያች ዕለት ልጁን የሚቀበሉት እጆች የማን ናቸው? ለዚህ ኃላፊነትስ ምን ያህል ተዘጋጅተዋል? ጥያቄው በአንድ ቤተሰብ ግድግዳ ውስጥ የሚያልቅ አይደለም። የአገሪቱን የሠራተኛና የሕፃናት ሕጎች፣ የላኪ አገሮችን የሥራ ስምሪት ፖሊሲ፣ እንዲሁም በሞግዚትነት የሚተዳደሩ የብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ኑሮ በቀጥታ ይነካል።

ወደ ሥራ የምትመለስ እናት ሁለት በሮች አሏት። አንደኛው የሕፃናት ማቆያ ነው። ማቆያዎች በአቡዳቢ በትምህርትና ዕውቀት መምሪያ፣ በዱባይ በዕውቀትና ሰብዓዊ ልማት ባለሥልጣን ፈቃድና ቁጥጥር ሥር ይሠራሉ። የሠራተኞቻቸው የትምህርት ማስረጃ ይጠየቃል፤ አንድ ተንከባካቢ ስንት ሕፃን መያዝ እንደምትችልም ገደብ ተደርጎበታል። አቡዳቢ ከዚህ አልፋ እ.ኤ.አ. በ2019 ከእርግዝና ጀምሮ እስከ 8 ዓመት ያለውን ዕድሜ ብቻ የሚከታተል የቀዳማይ ልጅነት ባለሥልጣን አቋቁማለች። ሁለተኛው በር የቤተሰቡ የራሱ በር ነው፤ ከበሩ ኋላ የምትጠብቀው ሞግዚት ናት። ልጁ ያው ልጅ፣ ዕድሜውም ያው ዕድሜ ነው፤ አብሮ የሚቆይበት ሰዓት ግን ብዙውን ጊዜ ከማቆያው ይበልጣል። ለመጀመሪያው በር ተቆጣጣሪና የሙያ መስፈርት ተበጅቶለታል። ለሁለተኛው የቀረለት በአመዛኙ የአሠሪዎች ግምትና የሠራተኛዋ የግል ልምድ ነው።

ይህ ሲባል ሕጉ ሞግዚትን ረስቷታል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ማለትም የፌዴራል አዋጅ ሕግ ቁጥር 9፣ በቤት ውስጥ የሚሠሩ 19 የሥራ ዓይነቶችን ለየብቻ ያውቃል። የሕፃናት ሞግዚት ከቤት ሠራተኛ፣ ከምግብ አብሳይና ከግል ነርስ ተለይታ በስሟ ተጠቅሳለች። በዚያው ዝርዝር የአደን ጭልፊት ተንከባካቢም ይገኛል። በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ጭልፊቱን ለማያውቅ ሰው አደራ የሚሰጥ ባለቤት ማግኘት ይቸግራል፤ ወፉ ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚታመም፣ እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ልጅን በሚመለከት ግን «ሴት ናት፣ ታውቀዋለች» የሚለው አስተሳሰብ ዛሬም የብዙ ቅጥሮች መነሻ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሁለተኛው ሕግ ነው። በ2016 የወጣውና በሰፊው «የወዲማ ሕግ» እየተባለ የሚጠራው የሕፃናት መብት ሕግ (የፌዴራል ሕግ ቁጥር 3) ስያሜውን ያገኘው በቤቷ ውስጥ በደረሰባት ጭካኔ ሕይወቷን ካጣች ሕፃን ነው። ሕጉ በልጅ ላይ አደጋ መኖሩን የማሳወቅ ግዴታን በሐኪሞች፣ በማኅበራዊ ሠራተኞችና በአሳዳጊ መምህራን ላይ ይጥላል። እዚያ ግን አያበቃም፤ ሕፃናትን እንዲጠብቁ፣ እንዲንከባከቡ ወይም እንዲያስተምሩ አደራ የተሰጣቸውን ሌሎች ሰዎችም ያካትታል። ሞግዚት ከዚህ ትርጉም ውጭ ልትሆን አትችልም። ስለዚህ በማቆያ ውስጥ ያለች መምህርት የምትሸከመውን ግዴታ እርሷም ትሸከማለች። ልዩነቱ መምህርቷ ምልክቶቹን እንዴት እንደምትለይና ለማን እንደምትናገር የተማረች መሆኗ ነው። ሞግዚቷ ግን፣ የጠቋሚን ማንነት ያለ ፈቃዱ መግለጽ በሕጉ የተከለከለ መሆኑን እንኳ የሚነግራት ላይኖር ይችላል።

ቋንቋዎቹ ራሳቸው ነገሩን ቀድመው የተረዱት ይመስላል። በዓረብኛ ሞግዚት «ሙረቢያ» ትባላለች፤ ይኸው ቃል ልጅን አንጾ የሚያሳድግ መምህርንም ያመለክታል። የትምህርት ሚኒስቴሩ ስም ውስጥ ያለው «ተርቢያ» የተባለው ቃልም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። በአማርኛ ደግሞ «ሞግዚት» በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ውስጥ የአካለ መጠን ያላደረሰን ልጅ ጥቅም በሕግ የምታስጠብቅ ሰው ናት። ሁለቱም ቋንቋዎች ቃሉን ከአደራ ጋር አስረውታል። የሥራ ገበያው ግን ከመጥረጊያና ከካውያ ጋር አስሮታል።

ለመሆኑ የሚማሩት ነገር ምንድን ነው? እህት ወንድሞቿን አዝላ ያሳደገች፣ ምናልባትም የራሷን ልጅ ለእናቷ ትታ የመጣች ሴት ሕፃን መያዝን ከማንም አትማርም የሚል ክርክር ይነሳል። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። እሹሩሩው፣ ተረቱ፣ እንቆቅልሹ፣ ልጅ ሲያለቅስ ረኃብን ከሕመም የሚለየው ጆሮ ትልቅ ሀብት ነው፤ ይህን እንዳልነበረ ቆጥሮ ከባዶ የሚጀምር ሥልጠና ሠልጣኟን ያስቀይማል እንጂ አያስተምራትም። ሌላው ግማሽ ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ሕፃን ሲተኛ በጀርባው መሆን እንዳለበት የታወቀው ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ በስፋት በተሰጠ ትምህርት ነው፤ ትምህርቱ በተሰጠባቸው አገሮች ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በእጅጉ ቀንሷል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም፤ አንጀቱ ሊቋቋመው የማይችል መርዛማ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላልና። በአገር ቤት ግን ለአራስ ልጅ ቅቤ ማቅመስ የተለመደባቸው አካባቢዎች አሉ፤ ማርም እንደ መድኃኒት ይታያል። ምግብ አንቆት መተንፈስ ያቃተው ሕፃን ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ከሆነ ሆዱን መጫን አይፈቀድም፤ በደረት ወደ ታች አዘንብሎ ጀርባውን 5 ጊዜ መምታት፣ ካልወጣም ገልብጦ ደረቱን 5 ጊዜ መጫን ነው ትክክሉ። ሁለቱን ያምታታች ሞግዚት በደግነት ልትጎዳ ትችላለች። ሌሊቱን ሙሉ ያለቀሰን ሕፃን በብስጭት መነቅነቅም አእምሮውን ሊያደማ ይችላል።

ከተማውም የራሱ ትምህርት አለው። በሃያኛ ፎቅ ላይ ያለ በረንዳና ከመስኮት ሥር የተቀመጠ ሶፋ ገጠር ያደገች ወጣት የማታውቃቸው አደጋዎች ናቸው። ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ በመኪና ውስጥ ያለ ሕፃናት መቀመጫ ከተጓዘ 400 ድርሃም ያስቀጣል፤ በጭን ታቅፎ መጓዝ በአገር ቤት የፍቅር ምልክት ቢሆንም በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ማንም ክንድ ሕፃኑን አያስቀረውም። ስልክና ቴሌቪዥንም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ እንዳይሰጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ምግብ እያበሰለች ልጅ እንድትጠብቅ የታዘዘች ሠራተኛ ግን ከስክሪኑ ሌላ ረዳት የላትም።

እነዚህ የደኅንነት ጉዳዮች ናቸው፤ ከዚያ በላይ ያለው የዕድገት ጉዳይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት በሕፃን አእምሮ ውስጥ በየሰከንዱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳዲስ የነርቭ ግንኙነቶች ይፈጠራሉ። የሚጠነክሩትም ሕፃኑ ድምፅ ሲያሰማ የሚመልስለት፣ ሲያመለክት ስሙን የሚነግረው ሰው ሲኖር ነው። እዚህ ላይ የብዙ ኢትዮጵያውያን ሞግዚቶች ችግር ዝምታ ነው። እንግሊዝኛው ወይም ዓረብኛው እንዳይሰበርባት የምትፈራ ሴት ልጁን በንጽሕና ትይዛለች፣ ትመግባለች፣ ነገር ግን አትናገረውም። ቤተሰቡ ከፈቀደ ግን በራሷ ቋንቋ ጣቱን እየቆጠረች ብትጫወት፣ ብትዘፍንለት ልጁ ከዝምታው የበለጠ ያተርፋል። ይህን በግልጽ ለአሠሪዎችም ለሠራተኞችም የሚነግር ሥልጠና ከብዙ የጽዳት ትምህርት ይበልጣል።

በኢትዮጵያ በኩል ያለው ዝግጅት በአደጋ ውስጥ የተወለደ ነው። መንግሥት በ2013 ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚደረገውን የቤት ሠራተኞች ጉዞ ካገደ በኋላ፣ እገዳው እስከ 2018 ድረስ ቆይቶ ነበር። በመካከሉ የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሚሄዱበት ሥራ የብቃት ማረጋገጫ የምስክር ወረቀት መያዝን ግዴታ አደረገ። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሚሰጠው ሥልጠናም የቤት አያያዝን፣ የልብስ እጥበትን፣ ምግብ ዝግጅትንና የሕፃናት እንክብካቤን በአንድነት ይዟል። በሳምንታት በሚቆጠር ጊዜ ውስጥ የልጁ ድርሻ ለልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ከሚሰጠው ብዙም አይርቅም። ወረቀቱም የመውጫ ቁልፍ ነው እንጂ ሲደርሱ ዋጋ የሚያስከፍል ሰነድ አልሆነም።

ፊሊፒንስ ሁለቱን አንድ ላይ ለማሰር ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ2006 ባደረገችው ማሻሻያ ለቤት ሠራተኞቿ የብሔራዊ ሥልጠና ምስክር ወረቀትን ከ400 ዶላር ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ጋር አያይዛ ደነገገች። አፈጻጸሙ እንደ ጽሑፉ የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆኖም መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ የሠለጠነች ሠራተኛ ዋጋ አላት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ምስክር ወረቀት እስካሁን ይህን ቋንቋ አልተናገረም።

በመድረሻ አገር የሚሰጥ ሥልጠና ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችላል፤ የመጀመሪያ ዕርዳታ ኮርስ ሞግዚቶቻቸውን የሚልኩ አሠሪዎችም አሉ። ችግሩ ጊዜውና ክፍያው ነው። ሕጉ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ከክፍያ ጋር ይሰጣል። ያ ቀን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚኬድበት፣ ገንዘብ የሚላክበት፣ ከአገር ልጅ ጋር ቡና የሚጠጣበት ነው። ሥልጠናው ያንን ቀን ከወሰደ ሠራተኛዋ ትምህርቱን የከፈለችው በዕረፍቷ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት ከ2011ዱ የቤት ሠራተኞች ስምምነት ጋር ያወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 201 የቤት ሠራተኞች ብቃት ያለማቋረጥ እንዲያድግ መንግሥታትን ያሳስባል፤ ማን በምን ሰዓት ይከፍላል የሚለውን ግን ለየአገሩ ይተዋል።

የአሠሪዎችም ሥጋት መደመጥ አለበት። «ካሠለጠንኳት ትሄድብኛለች፣ ወይም ጭማሪ ትጠይቃለች» የሚል ፍርሃት አለ። ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ሞግዚት የቀያየረ ቤት ልጁ ሦስት ጊዜ የለመደውን ፊት አጥቷል፤ ይህ ኪሳራ በደመወዝ ሰንጠረዥ ላይ አይታይም። ከፍርሃቱ የበለጠ የሚያሳስበው የሥራው ድርብርብ ነው። ማቆያ ውስጥ አንዲት ተንከባካቢ ሕፃናቱን ትታ ወለል እንድትወለውል አትታዘዝም። በቤት ውስጥ ግን ውሉ «ሞግዚት» እያለ ሦስት ልጅ፣ ምሳ ማብሰልና ልብስ መተኮስ በአንድ ሰው ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። ሰውን በአንድ ጊዜ ሁለት ክፍል ውስጥ እንድትገኝ የሚያስተምር ኮርስ የለም፤ የዚህ መፍትሔ ያለው ውሉ ላይ እንጂ ክፍል ውስጥ አይደለም።

አሥር ዓመት ልጆች ያሳደገች ኢትዮጵያዊት ዛሬ ማቆያ ውስጥ ረዳት ልሁን ብትል የምታቀርበው ሰነድ ምናልባት የቀድሞ አሠሪዋ የጻፈችላት የምስጋና ደብዳቤ ነው። የወሰደቻቸው አጫጭር ኮርሶች ካሉም በየቦታው ተበታትነዋል፤ አንዱ የሌላው ደረጃ ሆኖ አይቆጠርም። የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ የሕፃናት አመጋገብ፣ የሕፃናት ጥበቃ ሕግ፣ የጨዋታና የቋንቋ ዕድገት በየተራ ተወስደው በስሟ የሚመዘገቡበትና የተቆጣጣሪ ተቋማቱ ማኅተም የሚያርፍበት ሥርዓት ቢኖር ሰነዱ ከቤት ወደ ቤት፣ ከቤትም ወደ ማቆያ አብሯት ይሄድ ነበር። እስከዚያው ያለው ዕድል የውል እድሳት ጊዜ ነው፦ የሥራው ዓይነት «ሞግዚት» ተብሎ በትክክል መጻፉን ማረጋገጥ፣ ሥልጠና ካለ ከዕረፍት ቀን ውጭ እንዲሆን መነጋገር፣ ያገኙትን ምስክር ወረቀት ዋናውን በእጅ ማቆየት። የሠራተኛን የግል ሰነድ አሠሪ ይዞ ማስቀረት እንደማይችል ሕጉ ቀድሞ ደንግጓል።