ቆልፎ ማስጎብኘት

ለንደን ደርሶ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ብሪቲሽ ሙዚየምን አየኸው?» ተብሎ ነው። አይቼዋለሁ። በዓመት 6 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚጎርፍበት፣ መግቢያው በነጻ የሆነ ቤት ነው። ከዓለም ዳርቻ ከመጣው ሕዝብ ጋር ተሰልፌ ገባሁ፤ የግብፁን የሮዜታ ድንጋይ ለማየት በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራራሁ፤ አጠገቡም ፎቶግራፍ ተነሣሁ። እኔ ግን የመቅደላ አገር ሰው ነኝ። ልቤ የነበረው ከአገሬ ታቦታት ዘንድ ነው።

አላየኋቸውም፤ ማንም አያያቸውም። በዚያ ቤት 11 የኢትዮጵያ ታቦታት አሉ። አብዛኞቹ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠውተው አምባው ሲወድቅ፣ የእንግሊዝ ጦር የዘረፋቸው ናቸው። ታቦትን ከካህን በቀር ሌላ ሰው እንዳያይ ሥርዓታችን ስለሚከለክል በልዩ ክፍል ተቆልፎባቸዋል። የሙዚየሙ ባለሙያዎች እንኳ አይገቡም። «ይህማ አክብሮት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። የሰው ታቦት ወስዶ ሲያበቁ ላለማየት ዐይንን መጨፈን አክብሮት ከተባለ፣ ድፍረት የምንለው ምኑን ነው?

ግሪኮች የፓርቴኖንን ቅርጻ ቅርጾች መልሱ ሲሉ የሚሰጣቸው መልስ የታወቀ ነው፤ እዚህ ሲሆኑ መላው ዓለም ያያቸዋል ይባላሉ። ክርክሩን ለጊዜው እንቀበለው። ማንም ለማያየው ታቦትስ መልሱ ምንድን ነው? «ሕግ ያግደናል» ይላሉ። በ1955 ዓ.ም. (በእነርሱ 1963) የወጣው ሕግ ግን በሙዚየሙ ለመቆየት የማይገባን ዕቃ እንዲያሰናብቱ ለባለአደራዎቹ ይፈቅዳል። ለጎብኚም ለተመራማሪም የማይታይ ነገር ለሙዚየም ይገባል ከተባለ፣ የማይገባው የትኛው ነው?

ከእንግሊዞቹ ይልቅ የሚያበሳጨኝ ግን የእኛው ሰው ነው። «እዚያው ይሻላል፤ ቢመጣ ይሰረቃል» ይላል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሙዚየሙ ራሱ ዕቃዎቹ መሰረቃቸውን፣ መጥፋታቸውንና መጎዳታቸውን ለዓለም አስታወቀ፤ ቁጥሩም 2,000 ያህል እንደሆነ ተነገረ። ሌባ እዚያም አለ።

ሌላው ደግሞ «ቴዎድሮስስ ከጎንደር አይደል የወሰዱት?» ይለኛል። እውነት ነው፤ የመቅደላ ሰው ነኝ ብዬ አልሸፍንም። በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ዘርፈዋል። ይህ ግን የጎንደርና የመቅደላ ሙግት ነው። ወንድማማቾች በርስት ቢካሰሱ፣ ርስቱ ለመንገደኛ አይፈረድም።

«አይሆንም» ለሚሉትም የሆነውን ላስታውስ። በ1994 ዓ.ም. አንድ የኤድንበርግ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያገኘውን ታቦት መልሷል። በ2011 ዓ.ም. የእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስን ጸጉር አስረክቧል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን ቅርስ ለረጅም ጊዜ በውሰት ሊሰጠን እንደሚችል ተናግሮ ነበር። የገዛ ንብረታችንን፣ በውሰት!

አንባቢ ሆይ፣ ሌላውን ስወቅስ ራሴን አልረሳም። ከዚያ ቤት አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ፣ ፎቶግራፌን ይዤ ወጣሁ። ስንቶቻችን እንዲሁ ወጥተናል? ሴባስቶፖል ዛሬም አምባው ላይ ተጋድሟል፤ የቀረው ከብዶ ነው እንጂ እኛ አስቀርተነው አይደለም። ለንደን የምትሄዱ ወገኖቼ፣ እኔ ያላደረግሁትን አድርጉ። የሮዜታን ድንጋይ እዩ፤ አትከልከሉ። ከመውጣታችሁ በፊት ግን መረጃ ወደሚሰጥበት ጠረጴዛ ቀርባችሁ «የመቅደላ ታቦታት የት ናቸው? መቼስ ይመለሳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ቢሆንም ጠይቁ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውም ይጠይቅ። ባለቤቱ ዝም ያለበት ዕቃ፣ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር የያዘው ሰው ንብረት ይመስላል።