«ምክንያት» እና «ማስረጃ» ይለዩልን

ለማስተማር ልምምድ የተዘጋጁትን የትምህርት ዕቅዶች ሰሞኑን ተዘዋውረን አይተናል። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል አማርኛ ከአመዛዛኝ ድርሰት ላይ ሲደርስ ቃላቱ እንደየሠልጣኙ ይለያያሉ። አንዱ «አቋም» ያለውን ሌላው «ዋና ሐሳብ» ይለዋል፤ አንዷ «ማስረጃ» ስትል ሌላዋ «ምክንያት» ብላ ታልፋለች። የእንግሊዝኛው መምህር ደግሞ የራሱን ስሞች ይዞ ይገባል። ታዲያ ልጁ ማንን ይስማ? በፈተና ቀን ማርክ የሚቆረጥበት እኮ እሱ ነው!

በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚብሰው ምክንያትንና ማስረጃን አንድ አድርጎ ማስተማር ነው። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ «ቤተ መጻሕፍታችን ቅዳሜም ይከፈት» ብላ ጻፈች እንበል። ይህ አቋሟ ነው። «ሴቶች ልጆች ከትምህርት መልስ ውሃ ስለሚቀዱና ቤት ስለሚያግዙ በሥራ ቀን የማንበቢያ ጊዜ የላቸውም» ብትል ምክንያቷን ሰጠች። ማስረጃ ግን ገና አላቀረበችም። ማስረጃ ማለት ሌላ ሰው ሄዶ ሊያየው፣ ሊቆጥረው ወይም ሊጠይቀው የሚችል ነገር ነው። የመጻሕፍት መዋሻ መዝገቡን ከፍታ በአንድ ወር ከተዋሱት መካከል ሴቶቹ ስንት እንደሆኑ ብትጽፍ፣ ያ ማስረጃ ይባልላታል።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። በመዝገቡ የሴቶቹ ስም ጥቂት ሆኖ ቢገኝ ጊዜ ማጣታቸውን ያሳያል ወይ? ምናልባት የሚወዱት መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ የለም ይሆናል። ስለዚህ ተማሪዋ ልጃገረዶቹን ራሳቸውን ጠይቃ፣ ቁጥሩ ከአቋሟ ጋር በምን እንደሚያያዝ መናገር አለባት። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቴፈን ቱልሚን እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ክርክርን በስድስት ክፍሎች ሲተነትን፣ ማስረጃን ከአቋም ጋር ለሚያገናኘው ለዚህ ሐሳብ ራሱን የቻለ ስም ሰጥቶታል። ስድስቱን ሁሉ በ13 ዓመት ልጅ ላይ መጫን አያስፈልግም። ይህ አንዱ ግን ሊቀር አይገባም፤ «ማያያዣ» ብንለው ልጁ ይገባዋል። ሰዋስው ላይ ማያያዣ የሚባል ሌላ ነገር አለ የሚሉን ይኖራሉ፤ የተሻለ ቃል ያምጡልን።

ስለ ማስረጃ ከተነሣ ተረትና ምሳሌን ሳናነሣ አናልፍም። ልጆቻችን «አባቶች ሲተርቱ» ብለው አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ከጣሉ በኋላ ክርክሩ የተፈጸመ ይመስላቸዋል። መታገሥን የሚደግፍ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል፤ መፍጠንን የሚደግፍ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የአባቶች ናቸው! ተረት ጽሑፍን ያጣፍጣል፤ ማስረጃ ተብሎ ግን ሊታረምለት አይገባም።

ሌላው የሚያስቸግረን «ማስተባበያ» የሚለው ቃል ነው። በተራው ሰው አፍ አስተባበለ ማለት ካደ ወይም «አላደረግሁም» አለ ማለት ነው። ልጁም ይህንኑ ይዞ «ተቃዋሚዎች የሚሉት ውሸት ነው» ብሎ ይጽፍና አንድ ነጥብ ይጠብቃል። በፍርድ ቤት ግን ከሳሽ ክሱን ያቀርባል፣ ተከሳሽ መልስ ይሰጣል፣ ከሳሽም የመልስ መልሱን ያቀርባል። ይህን አነጋገር ቤተሰቡ በመሬት ጉዳይ የተሟገተበት ልጅ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። በድሮው በላ ልበልሃም ተሟጋቹ በዳኛ ፊት ቆሞ የሚረታው የባላጋራውን ነገር በሚገባ ሲያዳምጥ ነበር። ታዲያ «የመልስ መልስ» የሚል የታወቀ ስም እያለን ለምን ሌላ እንፈልጋለን?

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እንመለስና፣ «ሠራተኛዋ ቅዳሜ ማረፍ አለባት» የሚል ተቃራኒ ሐሳብ ቢመጣ ተማሪዋ መካድ የለባትም፤ ሐቅ ነውና። «እውነት ነው፤ ስለዚህ በምትኩ ሰኞ ጠዋት ይዘጋ፤ በዚያ ሰዓት ሁላችንም ክፍል ውስጥ ነን» ብትል የመልስ መልስ ሰጠች። ተቃራኒውን ሐሳብ በከፊል መቀበሏ እንደ ድክመት ተቆጥሮ ማርክ ሊቀነስባት አይገባም። እንደ እውነቱ ከሆነ ተጨማሪ ሊሰጣት ይገባል።

«ከእሳትና ከውሃ የቱ ይበልጣል» እያሉ በጭብጨባ የሚያሸንፉበት የትምህርት ቤት ክርክር ምላስ ያፍታታል፤ አንጠላውም። ነገር ግን እዚያ መዝገብ የሚያገላብጥ የለም፤ ለድርሰቱ ትምህርት ምትክ ተደርጎ እንዳይወሰድ።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሠልጣኞች ለልምምድ ከመውጣታቸው በፊት የአማርኛና የእንግሊዝኛ አሠልጣኞቻችን አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው አቋም፣ ምክንያት፣ ማስረጃ፣ ማያያዣ፣ ተቃራኒ ሐሳብና የመልስ መልስ በሚሉት ላይ ይስማሙ፤ የተስማሙበትንም በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉልን። «ማስተባበያ» መቅረት የለበትም የሚል አሠልጣኝ ካለ ምክንያቱን ከነማስረጃው ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንለቅለታለን።